«ወደ መጣሽበት እመልስሻለሁ» የሚል ባል ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው?



አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የተማሪዎቼን ደብተር በማረም ላይ ሳለሁ፣ በብሎካችን የሚኖሩ አንዲት እናት ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ወደ ቤቴ መጡ። ልጃቸውን እዚሁ ካኩማ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አስተምሬያታለሁ። የአሜሪካ ዜግነት ያለው የአገራችን ሰው መጥቶ፣ ዳስ ተጥሎ፣ ሁላችንም በልተን ጠጥተን ዳርናት። ከሠርጉ አንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ በናይሮቢ በኩል ወደ ባሏ ሄደች።

እናትየው «መምህር፣ እስቲ ይህን ስማልኝ፤ የወረቀቱ ነገር አልገባኝም» ብለው ስልኩን ሰጡኝ። ልጅቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የቀዳችው መልእክት ነው። ባሏ እንደሚመታት፣ ፓስፖርቷንና ግሪን ካርዷን ቆልፎ እንደያዘባት፣ ደመወዟም በእርሱ የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ ትናገራለች። ካርዷ ሊያልቅ አምስት ወር ቀርቶታል። «እኔ ካልፈረምኩልሽ በማግስቱ ካኩማ ነሽ» ይላታል። መልእክቱ ሲያበቃ እናትየው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «እውነት መመለስ ይችላል ወይ?»

ያን ዕለት መልስ አልነበረኝም። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ከዚያም በካምፑ የሕግ ምክር የሚሰጡትን ባለሙያዎች ጠየቅሁ፣ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ያወጣውንም መመሪያ አነበብኩ። በዚህ መሐል ሌሎች ሦስት ቤተሰቦች ይህንኑ ጥያቄ ሲያነሱ ሰማሁ። ስለዚህ ያገኘሁትን ለሁላችንም እንዲሆን በዚህ ጽሑፍ አቅርቤዋለሁ። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልሱ በአጭሩ አይችልም ነው። ሰውን ከአገር የማስወጣት ሥልጣን የመንግሥት እንጂ የባል አይደለም። ይሁን እንጂ ሴቲቱ መብቷን ለማስከበር የምትሄድበት መንገድ ወደዚያ አገር በገባችበት ወረቀት ይወሰናል። ይህን ያላወቀች ሴት መብት እያላት ዕድሜዋን በፍርሃት ትጨርሳለች።

ዛቻው ለምን ይታመናል?

እኛ የካምፕ ሰዎች ይህን ዛቻ ለማመን ቅርብ ነን። እዚህ ሁሉም ነገር በቤቱ ኃላፊ ስም ይሄዳል። ሬሽን ካርዱ ላይ የመጀመሪያው ስም የአባወራው ነው። ኬዙ በእርሱ ስም ይጠራል፤ የኢንተርቪው ቀጠሮ ሲወጣም ሰሌዳው ላይ የሚፈለገው የእርሱ ቁጥር ነው። ብዙ ዓመት እንዲህ የኖረች ሴት ወረቀት ማለት ባል ማለት ይመስላታል። ባልም ይህን ያውቃል።

በአሜሪካም ቢሆን ነገሩ ጨርሶ መሠረት ያልነበረው አልነበረም። ባል ለሚስቱ የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቀው እርሱ በፈረመው ማመልከቻ ነው። ሳይወስን ቢቀርባት ወይም ማመልከቻውን ቢያነሳው ሴቲቱ ወረቀት አልባ ትሆን ነበር። ብዙ ባሎች ይህን እንደ ልጓም ይዘው ሚስቶቻቸውን ያሰቃዩ እንደነበር በመታወቁ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በሴቶች ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት የሚመለከት ሕግ አወጣ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን መስከረም 13 ቀን 1994 ፈረሙበት። በእንግሊዝኛው አጠራር በአጭሩ «ቫዋ» ይባላል። ሕጉ በ2000፣ በ2005፣ በ2013 እና በ2022 እየታደሰና እየተሻሻለ መጥቷል።

የሕጉ ዋና ሐሳብ ይህ ነው፤ የተጎዳችው ሚስት ባሏ ሳያውቅና ሳይፈርም በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች። በስሙ የሴቶች ሕግ ይባል እንጂ በሚስቱ የሚሰቃይ ባልም በዚሁ ሕግ መጠቀም ይችላል። ዕድሜው 21 ዓመት የሞላው የአሜሪካ ዜጋ ልጃቸው የሚያሰቃያቸው ወላጆችም ከ2005 ማሻሻያ ወዲህ ተካተዋል።

በየትኛው በር ገባች?

ዘመድዋ እንዲህ ያለ ችግር ደረሰባት የተባለ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ የሚከተሉትን ሊሆን ይችላል።

1ኛ) በስደተኝነት የገባች። ከባሏ ጋር በአንድ ኬዝ በሪሴትልመንት የሄደች ወይም ባሏ ቀድሞ በስደተኝነት ገብቶ በቤተሰብ መቀላቀል ያስመጣት ሴት፣ እግሯ አሜሪካ ከረገጠ ጊዜ ጀምሮ የስደተኝነት መብቱ የራሷ ነው። ከአንድ ዓመት በኋላ ግሪን ካርድ የምትጠይቀውም በራሷ ስም ነው። በመሐሉ ከባሏ ብትለያይ ወይም ብትፋታ መብቷ አይቀርም። ኬዙ በስሙ ስለነበር ብቻ ባል ሊወስድባት የሚችለው ነገር የለም። (የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 የስደተኞች ቅበላ ፕሮግራሙ እንዲቆም በማዘዙ የብዙዎቻችን ኬዝ በመንገድ ላይ መቅረቱን ሁላችንም እናውቃለን። ከላይ የተባለው ቀደም ብለው የገቡትን እህቶቻችንን ይመለከታል።)

2ኛ) ባሏ አሜሪካ ከገባ በኋላ ጥገኝነት ጠይቆ ያገኘና በእርሱ በኩል የሄደች። ይህ ከመጀመሪያው ጋር ይመሳሰላል፤ ግን አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ግሪን ካርዷን ሳታገኝ ከተፋታች በእርሱ በኩል የነበራት መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ የፍቺ ወረቀት ከመፈረሟ በፊት ጠበቃ ማነጋገር አለባት። በራሷ ምክንያት ጥገኝነት መጠየቅን የመሳሰሉ ሌሎች መንገዶች አሉ።

3ኛ) በትዳር ቪዛ የገባች። ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሆኖ ያስመጣት ማለት ነው። በገባችበት ቀን ትዳሩ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የሚሰጣት ካርድ ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ካርድ ነው። ካርዱ ሊያልቅ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ባልና ሚስት በአንድነት ፈርመው ቅድመ ሁኔታው እንዲነሳ ይጠይቃሉ። የተማሪዬ ባል «ካልፈረምኩልሽ» የሚለው ይህን ፊርማ ነው። ነገር ግን ሕጉ ለዚሁ በር አበጅቷል። በባሏ የተደበደበች ወይም ከባድ ጭካኔ የተፈጸመባት ሚስት የጋራ ፊርማው እንዲቀርላት ጠይቃ ቅጽ አይ-751ን ብቻዋን ማስገባት ትችላለች። እስኪፋቱ መጠበቅ የለባትም፤ 90 ቀኑ እስኪደርስም መጠበቅ የለባትም። ልታስረዳ የሚገባት ትዳሩ በቅን ልቦና የተመሠረተ መሆኑንና በደሉ መድረሱን ነው። በገባችበት ቀን ትዳሩ ሁለት ዓመት የሞላው ከሆነ ግን የሚሰጣት የአሥር ዓመት ካርድ ስለሆነ የባሏ ፊርማ ከቶ አያስፈልጋትም።

4ኛ) በእጮኛ ቪዛ የገባች። ይህ ቪዛ በ90 ቀን ውስጥ ያስመጣትን ሰው እንድታገባ ያስገድዳል። ካገባችው በኋላ ቢያሰቃያትና ወረቀቷን ቢከለክላት በራሷ ስም ማመልከት ትችላለች። ሳይጋቡ ከቀሩ ግን በዚያ ቪዛ ሌላ ሰው አግብታ ግሪን ካርድ ማግኘት አትችልም። ከ2005 የሕጉ ማሻሻያ ጋር አብሮ የወጣው ድንጋጌ የእጮኛ ቪዛ ለምትጠይቅ ሴት ስለ መብቷ የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲሰጣት፣ አስመጪው ሰው ቀደም ሲል በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ከሆነም እንዲነገራት ያዝዛል። በኤምባሲው ጽሑፉ ሲሰጣችሁ «ወረቀት ነው» ብላችሁ በሻንጣ ውስጥ አትጣሉት፤ አስነብባችሁ ስሙት።

5ኛ) በሌላ መንገድ የገባች ወይም ወረቀት ያለቀባት። ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ ድንበር ተሻግራ የገባችም ብትሆን፣ ቀጥሎ በተገለጸው መንገድ ልትጠቀም ትችላለች።

በራስ ስም ለማመልከት ምን ያስፈልጋል?

ማመልከቻው ቅጽ አይ-360 ይባላል። በዚህ ሕግ ለምታመለክት ሚስት ቅጹን ማስገቢያ ክፍያ አይጠየቅበትም። ልታስረዳቸው የሚገቡ ነጥቦች አምስት ናቸው።

ሀ) የበደላት ሰው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ባሏ መሆኑን። ከተፋቱ ሁለት ዓመት ካልሞላቸውና ፍቺው ከበደሉ ጋር የተያያዘ ከሆነ አሁንም ማመልከት ትችላለች። ዜጋ የሆነ ባሏ ከሞተም ሁለት ዓመት እስኪሞላ ድረስ ጊዜ አላት። እዚህ ላይ የእኛን ሰዎች የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ባል በአገር ቤት ሌላ ሚስት እያለችው ደብቆ ያገባት ሴት «ትዳርሽ ሕጋዊ አይደለም» ተብላ አትባረርም። ሳታውቅ በቅንነት ያገባች ከሆነ ሕጉ ይቀበላታል።

ለ) ትዳሩ በቅን ልቦና የተመሠረተ መሆኑን። ገንዘብ ተከፍሎበት ለወረቀት ሲባል የተደረገ ጋብቻ በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ይህን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ፤ «የወረቀት ጋብቻ» የሚሉትን ነገር ደላሎች በዚህ ካምፕም ያወሩታል። እንዲህ ያለ ጋብቻ የገባች ሴት ስትደበደብ የሚከላከልላትን ሕግ አስቀድማ አጥታዋለች። ከዚህም በላይ የማጭበርበር ጥያቄ ይከተላታል።

ሐ) በትዳሩ ዘመን አብረው መኖራቸውን።

መ) መደብደቧን ወይም ከባድ ጭካኔ የተፈጸመባት መሆኑን። ይህ የግድ ቁስል ማሳየት ማለት አይደለም። እገድልሻለሁ ማለት፣ ከዘመድና ከጎረቤት ማግለል፣ ስልክ መቆጣጠር፣ ደመወዝ መንጠቅ፣ ያለ ፈቃድ ለግንኙነት ማስገደድ፣ ልጇን እንደሚወስድባት ማስፈራራት፣ «ለኢሚግሬሽን አሳልፌ እሰጥሻለሁ» እያሉ መግዛት ተደማምረው ከባድ ጭካኔ ሊባሉ ይችላሉ። ስለዚህ ያ ዛቻ ራሱ ባል እንደሚያስበው መሣሪያው ሳይሆን በእርሱ ላይ የሚቆጠር ማስረጃ ነው።

ሠ) መልካም ጠባይ ያላት መሆኑን። ይህ በአብዛኛው ከፖሊስ በሚገኝ የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያና በራሷ ቃል ይረጋገጣል።

21 ዓመት ያልሞላቸውና ያላገቡ ልጆቿ በማመልከቻዋ ውስጥ ይካተታሉ። ማመልከቻዋ ሲጸድቅ የሥራ ፈቃድ ታገኛለች፣ ግሪን ካርድም ለመጠየቅ ትበቃለች። ባሏ ዜጋ ከሆነ የግሪን ካርዱን ጥያቄ ከመጀመሪያው ማመልከቻ ጋር አብራ ማስገባት ትችላለች። ባሏ ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ከሆነ ወረፋ ሊኖር ይችላል። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ማመልከቻው ሳይጸድቅ ሌላ ባል ካገባች ይሰረዝባታል። ውሳኔውም በወራት የሚያልቅ አይደለም፤ ዓመታት ይወስዳል። ትዕግሥት እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል።

ማስረጃውስ ከየት ይመጣል?

«ፖሊስ ጠርቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ማስረጃ የለኝም» የሚሉ እህቶች ብዙ ናቸው። ሕጉ የሚታመን ማስረጃ ሁሉ እንዲታይ ያዝዛል። የፖሊስና የሐኪም ወረቀት ካለ መልካም ነው። ከሌለ ግን የራሷ ዝርዝር ቃል፣ ያዩ ወይም የሰሙ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች የሚሰጡት የጽሑፍ ምስክርነት፣ የመጠለያ ቤት ወይም የቄስና የሼህ ደብዳቤ፣ የዛቻ መልእክቶች፣ ፎቶግራፎች ይቀርባሉ።

እኛም እዚህ ሆነን የምንረዳበት ነገር አለ። የሠርጉ ፎቶግራፍ፣ የሽማግሌዎቹ ምስክርነት፣ ከሠርጉ በፊትና በኋላ የተላላኩት መልእክት ትዳሩ የእውነት እንደነበረ ያስረዳሉ። ልጃችሁ እያለቀሰች የላከችውን የድምፅ መልእክት «ልብ ያደማል» ብላችሁ አታጥፉት። ቀኑን መዝግባችሁ አስቀምጡት። እናትየው ያንን መልእክት ሊያጠፉት ነበር፤ ለመምህር ልስጥ ብለው ስለቆዩ ተረፈ።

ምስጢሩ ይጠበቃል ወይ?

ብዙ ሴቶችን የሚያስቀራቸው «ባመልክት ደብዳቤው ቤት ይመጣና ያየዋል» የሚለው ስጋት ነው። በ1996 የወጣው ድንጋጌ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻው መኖሩንም ሆነ ይዘቱን ለበዳዩ ባል እንዳይገልጽ ይከለክላል። መሥሪያ ቤቱ በባልየው ወይም በቤተሰቡ ጥቆማ ላይ ብቻ ተመሥርቶ በእርሷ ላይ እንዳይወስንም ያዝዛል። ደብዳቤዎች እንዲደርሱባት የምትፈልገውን ሌላ አድራሻ፣ ለምሳሌ የጠበቃዋን፣ መስጠት ትችላለች።

ከሕጉ ይልቅ ምስጢር የሚያባክነው የእኛው ሰው ነው። አስተርጓሚ ሲያስፈልግ የባልየው ጓደኛ ወይም የራሷ ልጅ እንዲያስተረጉም አይደረግ። ሴቲቱ «ሌላ አስተርጓሚ ስጡኝ» የማለት መብት አላት። እኛም በቡና ላይ «የእገሌ ልጅ ባሏን ልትከስ ነው አሉ» ብለን ወሬውን ብናወጣ፣ ወሬው በአንድ ቀን አሜሪካ ይገባል። እርሷ ከቤት ሳትወጣ ባሏ ይሰማና ሕይወቷ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ባልየው ዜጋም ግሪን ካርድም የሌለው ከሆነ

በዚህ ጊዜ ከላይ የተባለው ማመልከቻ አይሠራም። ሆኖም በ2000 የወጣው ሕግ ዩ ቪዛ የሚባለውን ፈጥሯል። ይህ በአሜሪካ ምድር የተወሰኑ ወንጀሎች ለተፈጸሙባቸውና ወንጀሉን ለሚመረምረው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ ለሚተባበሩ ሰዎች የሚሰጥ ነው። የቤት ውስጥ ጥቃት ከወንጀሎቹ አንዱ ነው። በዓመት የሚሰጠው ለ10,000 ተጎጂዎች ብቻ ስለሆነ ወረፋው ረጅም ነው።

ከአሜሪካ ውጭ ያለች ሚስትስ?

እዚህ ካምፕ ያሉ እህቶች የሚጠይቁት ነው። ከአሜሪካ ውጭ ያለች ሚስት በራሷ ስም ማመልከት የምትችለው በሦስት ሁኔታ ነው፤ ባልየው የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ ከሆነ፣ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ ከሆነ፣ ወይም በደሉ የተፈጸመባት አሜሪካ ውስጥ ከነበረ። ሦስተኛው ልብ ሊባል ይገባዋል። ባል «ለጥየቃ እንሂድ» ብሎ ወደ ኬንያ ወይም ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ ወረቀቷን ነጥቆ የተዋት ሴት፣ በደሉ እዚያ ተፈጽሞባት ከነበረ በሩ አልተዘጋባትም። የሕግ ምክር ቢሮ ትጠይቅ።

በስፖንሰር ወደ ካናዳ ለምትሄዱም አንድ ቃል ልጨምር። በካናዳ በትዳር የመጣች ሚስት ሁለት ዓመት ከባሏ ጋር የመኖር ግዴታ እንዲኖርባት የሚያደርግ ደንብ በ2012 ወጥቶ ነበር። ሴቶችን ለጥቃት ያጋልጣል ተብሎ በ2017 ተሰርዟል። ቋሚ ነዋሪ ሆና የገባች ሚስት ከባሏ በመለየቷ ብቻ ፈቃዷን አታጣም። ገና ቋሚ ፈቃድ ላላገኙ የቤተሰብ ጥቃት ሰለባዎች ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ ተዘጋጅቷል።

ከመሄድ በፊት፣ እዚሁ ካምፕ

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ አባቶች። ሴት ልጁን የሚድር ወላጅ ወይም ራሷ የምትሄደው እህት የሚከተሉትን ብታደርግ መልካም ነው።

ጋብቻው ይመዝገብ። የኬንያ የጋብቻ ሕግ በ2014 ከወጣ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን፣ የእስልምናና የባህል ጋብቻ ሁሉ መመዝገብ አለበት። የምስክር ወረቀቱ አንድ ቅጂ ከእናት ጋር ይቅር።

የፓስፖርቷ፣ የቪዛዋና የልጆቿ የልደት ወረቀት ፎቶ በእናት ወይም በእህት ስልክ ይቀመጥ። እዚያ ስትደርስም የግሪን ካርዷን የፊትና የኋላ ፎቶ ትላክ። ባል ካርዱን ቢነጥቃት መብቱ አይነጠቅም፤ ቁጥሩ ካለ ሌላ ካርድ ማውጣት ይቻላል።

ሁለት ስልክ ቁጥር በቃሏ ትያዝ። በአሜሪካ ለአስቸኳይ አደጋ 911 ነው። በቤት ውስጥ ለሚደርስ ጥቃት ደግሞ ከ1996 ጀምሮ የሚሠራው አገር አቀፍ የእርዳታ መስመር 1-800-799-7233 ነው፤ ስልኩ ነጻ ነው፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። በስልኳ ላይ ከመጻፍ በቃል መያዝ ይሻላል፤ ስልክ ይፈተሻልና።

እንግሊዝኛ ትማር። ይህን የምለው መምህር ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። «ባሌ መታኝ፤ እርዱኝ» ብላ መናገር የምትችል ሴት እና የማትችል ሴት አንድ አይደሉም።

እዚሁ ካምፕ በባሏ የምትሰቃይ እህት ደግሞ «ኬዛችን ይበላሻል» ብላ ዝም አትበል። ዩ.ኤን.ኤች.ሲ.አር በ2001 ለስደተኛ ሴቶች ከገባቸው አምስት ቃሎች አንዱ ሴቶች በየግላቸው ተመዝግበው የራሳቸው ሰነድ እንዲኖራቸው ነው። ኬዟ ከባሏ እንዲለይ ፕሮቴክሽን ክፍል ቀርባ በምስጢር መጠየቅ ትችላለች። በተግባር ተለያይተው ሳለ እንደ ባልና ሚስት ሆኖ ኢንተርቪው መቅረብ ግን በኋላ ውሸት ሆኖ ይቆጠርባታል። የኬንያ የቤት ውስጥ ጥቃት መከላከያ ሕግ በ2015 ወጥቷል፤ ፍርድ ቤት ባል እንዳይጠጋት ሊያዝ ይችላል። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄድ በመዝገብ የገባበትን የኦ.ቢ. ቁጥር ትቀበል። ሐኪም የሚሞላውን የፒ-3 ቅጽም ትጠይቅ። በኬንያ ነጻው የእርዳታ ስልክ 1195 ነው።

ስለ ሽምግልና

ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ። በዚህ በረሃ የቆየነው በእነርሱ ነው። ባልና ሚስት በገንዘብ ወይም በዘመድ ቢጣሉ ሽማግሌ ያስታርቃል። ነገር ግን የምትደበደብን ሴት «ገመናሽን ሸፍኚ፣ ታገሺ» ብሎ ወደዚያው ቤት መመለስ እርቅ አይደለም። ከዚህ ከካኩማ ስልክ ደውለን «ባልሽን አታዋርጂ» ስንላት ደግሞ የባልየው ዛቻ በእኛ አፍ ይነገራል ማለት ነው። እርሷ ከምንም በላይ የምትፈራው እናቷ ፊቷን እንዳታዞርባት ነው። ወላጆች «ልጄ፣ የትም ብትሆኚ ልጄ ነሽ፤ ጠበቃ ጠይቂ» ቢሏት ከማንኛውም ቅጽ በፊት የመጀመሪያውን እርዳታ ሰጡ ማለት ነው።

የጠበቃ ነገር ከተነሳ፣ «እኔ ቅጽ እሞላልሻለሁ» የሚል ሁሉ ጠበቃ አይደለም። በስህተት የተሞላ ቅጽ ሊያስወጣት ይችላል። ገንዘብ ለሌላቸው በነጻ የሚሠሩ የሕግ ድርጅቶች በየከተማው አሉ፤ ከላይ የተጠቀሰው የእርዳታ መስመር ያገናኛል። መሥሪያ ቤቱ ስለ ማስረጃ የሚያወጣው መመሪያ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ይህ ጽሑፍ መንገድ ለማሳየት እንጂ በጠበቃ ምትክ እንዲሆን አልተጻፈም።

እናትየው ምን አሉ?

ያጣራሁትን ይዤ ወደ እናትየው ቤት ሄድኩ። ሁሉንም በቀስታ ነገርኳቸው። ቁጥሩን በወረቀት ስጽፍላቸው «ፊደል አልለይም፤ በቃሌ አስጠናኝ» አሉኝ። እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እየደጋገሙ ያዙት። ልጃቸው ሥራ ቦታ እረፍት ስትወጣ በጓደኛዋ ስልክ ደውላ አገኟት፤ በቃላቸው ነገሯት።

ልጅቱ ካርዷ ሳያልቅ ጠበቃ አገኘች፣ ማመልከቻዋን ብቻዋን አስገባች። ውሳኔው ገና አልመጣም። ቅጹን ስታስገባ የሚሰጣት ደረሰኝ ግን ጉዳዩ እስኪታይ ድረስ ፈቃዷን ስለሚያራዝምላት ሥራዋን አልለቀቀችም። አሁን በሌላ ከተማ ከአንዲት እህት ጋር ትኖራለች። ባልየው «በማግስቱ ካኩማ ነሽ» ያለው ማግስት እስከ ዛሬ አልመጣም።

እናትየው ያንን ቁጥር እስከ አሁን አልረሱትም። ባለፈው ሳምንት በውኃ ወረፋ ላይ ልጇ ልትሄድባት ለደረሰች አንዲት ጎረቤታቸው ሲያስጠኗት ሰማኋቸው። እናንተም ይህን ጽሑፍ አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።